ብርድ ልብስ

ሳጅን ትርንጎ ናት የደወለችልኝ፣
ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ማሽኑ እየጮኸብኝ።
«ልጅዎ እኛ ጋ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ጣቢያ፣
የባጃጅ ባትሪ ሲፈታ ተይዞ፤
ዳኛው ወላጅ ቢሉት
አንገቱን ደፋ እንጂ ስም አልሰጠም፣ ፈዞ።
ቁጥርዎን ያገኘን ከካልሲው ውስጥ ነው፣ ከወረቀት ጽፎ፣
ላብ ያደበዘዘው፣ በአራት ተጣጥፎ።»

«ተሳስተሻል» አልኳት፤ «ልጅ የለኝም እኔ።»
ስፒከሩ ክፍት ኖሯል።
እስትንፋስ ሰማሁኝ፤
ጉንፋን የዘጋው አፍንጫ፣ የማውቀው፣ የጎኔ።

እኛ ቤት ልማድ ነው፦
ብርጭቆ ቢሰበር፣ ደብተር ቢቀደድ፣ ወተት ቢገነፍል፣
«ቆይ አባትህ ይምጣ!» ትለዋለች እናቱ፤
እኔም እመጣለሁ፣ አንድም ቀን ሳልጎድል።
የጫማዬን ኮቴ ገና ከደጅ ለይቶ
ሳቁን እፍ ይለዋል፣ እንደ ኩራዝ አጥፍቶ።
እኔ መከበር ነው ብዬ እኮራ ነበር፤
እሱ ለካ ያጠናል የቤታችንን በር።

የእኔም አባት መትቶኝ ሰው ሆንኩኝ እላለሁ።
ሰው መሆን እንዲህ ነው?

ሃያ ሁለት ዓመት
ብርድ ልብስ ሠራሁኝ በደብረ ብርሃን ንፋስ፤
ስንቱን የማላውቀውን በእጄ አስተኝቼ፣
የአንድ ልጄን እግር፣ ተገልጦ እያየሁት፣
አንዲት ሌሊት እንኳ ተነስቼ ሳላለብስ።
በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ በጥቅምት ውርጭ መሃል፣
ሙቀት ፍለጋ ነው ቁልቁለቱን የወረደው፤
ይህን የገባኝ አሁን፣
ይህን ስጽፍ ነው።

ሐሙስ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
ዓርብ ከመጋዘን አንድ ግራጫ ወሰድኩ፣
«ከደመወዜ ቁረጡት» ብዬ ፈርሜ፣ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።
ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ሁላችን ዝም አልን፤
ከወዲያ ስንወጣ ሌላ ፀሐይ፣ ሌላ አየር፣ ገደል።
ደብረ ሲና ላይ ልጆች ቆሎ ይዘው በመስኮት ተረባረቡብን፤
አንደኛው እኩያው ነው። ሁለት ስኒ ገዝቼ፣
መልሱን ተውኩለት።
ለሰው ልጅ መቸር ምን ቀላል ነው!

አርማኒያ ላይ ካፖርቴን፣ ቀጥሎ ሹራቤን አውልቄ፣
ሮቢት ደረስኩ፣ ላቤ እየወረደ፣
ያን ወፍራም ጥቅልል እንደ ሕፃን ታቅፌ።
የበሩ ፖሊስ ሳቀ፦ «አባባ፣ እዚህ አገር
ሰው ገላውን ገልጦ ነው የሚተኛ፤
ይህን ማን ሊለብሰው? ትንኝ ወይስ እኛ?»

ሳጅን ትርንጎ መጣች። አየችኝ፤ ጥቅልሉንም።
ስለ ስልኩ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ እሱ ነው የከፋኝ።
ፎርም ሰጠችኝ። «ዝምድና» ይላል አንዱ መስመር።
ሦስት ፊደል ብቻ ነው። እስክሪብቶው እምቢ አለ።
አራገፍኩት፤ ጻፍኩ።
እሷም ወደ ጨለማው ክፍል ዞራ ተጣራች፦
«ምንተስኖት! ተነስ፣ አባትህ መጥቷል!»

ያን ቃል ከሰው አፍ ስሰማው ይህ መጀመሪያዬ ነው።
ውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ፤
ወደ በሩ አይደለም፣
ወደ ግድግዳው ሸሸ።

ጫማዬን አወለቅኩ።
በካልሲ ገባሁኝ፣ ኮቴ ሳላሰማ፤
ጥቅልሉን ፈትቼ፣ አጥፌ አነጠፍኩት፣ ከጥጉ፣ ከጨለማ።
«ቆላ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ሳያየኝ፤ «እዚህ አይበርድም።»
«አውቃለሁ» አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣም።
ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣
ጫፉ ላይ ተቀመጠ፤ እኔም በሌላው ጫፍ።
በመካከላችን አንድ ሰው የሚያስተኛ
ግራጫ ቦታ ነበር።